ከበጀቱ ጀምሩ፦ ኤአይንና የሰውን ፈጠራ በጋራ ለማጥናት ገንዘብ ስትፈልጉ

የመጀመሪያው ፕሮፖዛላችን የወደቀው በአንድ የኤክሴል መስመር ነው። መስመሩ «ለደራሲያን ወርክሾፕ» ይላል። ከጎኑ የተጻፈው ቁጥር ከጠቅላላው በጀት 2 በመቶ ነበር። የቀረው ለፖስት ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ለሚቀጠር ተመራማሪ) ደመወዝ፣ ለኮምፒውተር፣ ለጉዞና ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የአስተዳደር ወጪ ሄዷል። ርዕሳችን ግን ደረቱን ነፍቶ «የሰው ልጅ ፈጠራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን» ይል ነበር።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነገሩን አላንዛዛውም። ደራሲያንን እናጠናለን ብላችኋል፣ በጀታችሁ ውስጥ ግን ፈልጌ አጣኋቸው አለ። አለቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። እኔ ራሴ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ፤ ደራሲን ረሳሽ መባል ክብሬን ነካው። በሦስተኛው ቀን ኤክሴሉን ከፍቼ ሳየው ሰውየው ልክ ነው። በሌላው ዩኒቨርሲቲ ላለው የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«በጀቱን ማን ነው የጻፈው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ቴምፕሌቱ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሐሳቡን አራት ወር ስንጽፍ ከርመን፣ በጀቱን በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከሌላ ፕሮፖዛል ገልብጠን ሞላነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ጽፌ ሁለቱ አልፈውልኛል። በገምጋሚ ወንበርም ተቀምጫለሁ። አሁን የማንም ፕሮፖዛል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምከፍተው የበጀቱን ገጽ ነው። ጽሑፉ ላይ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን። ማን ስንት ወር እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፈለው፣ ማን ደግሞ ለማድመቂያ እንደተጠራ የሚታየው ግን እዚያ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት የጋራ ጥናት ልታስቡ ከሆነ፣ እኔ በውድ የተማርኩትን በነፃ ልንገራችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው የቆየ ነው

«መስኩ ገና አዲስ ስለሆነ ማን ገንዘብ ይሰጠናል?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የዳርትመዙን ፕሮፖዛል እጠቅስለታለሁ። በ1955 ጆን ማካርቲ፣ ማርቪን ሚንስኪ፣ ናትናኤል ሮቸስተርና ክላውድ ሻነን የሮክፌለር ፋውንዴሽንን ገንዘብ ጠየቁ። አንዱ ከዳርትመዝ፣ አንዱ ከሃርቫርድ፣ አንዱ ከአይቢኤም፣ አንዱ ከቤል ላብስ ነበሩ። መስኩ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ በአጭሩ ኤአይ፣ የሚል ስም ያገኘው በዚያ ሰነድ ነው። ሊያጠኗቸው ከዘረዘሯቸው ሰባት ርዕሶች የመጨረሻው ደግሞ ዘፈቀዳዊነትና ፈጠራ የሚል ነበር። የእኛ ጥያቄ ከመስኩ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ነው።

የጠየቁት 13,500 ዶላር ነው። የተሰጣቸው 7,500። በጀታቸውን ሳይ የምወደው ነገር አለ። ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ለማይከፈለው ምሁር 1,200 ዶላር ይላል። ለጸሐፊና ለማባዣ 650 ዶላር ይላል። እነዚያ ሰዎች የሚያስብ ማሽን ሊሠሩ ተነስተው የወረቀት ማባዣውን አልረሱም።

ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ይኑር። ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት «ግማሹ ብቻ ቢፈቀድልን ምን እንቆርጣለን?» ብላችሁ ተነጋገሩ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ስትነጋገሩት ንግግሩ ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል።

ፈጠራ ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው?

በአማርኛ «ፈጠራ» ብዙ ይሸከማል። ልብ ወለድ የፈጠራ ድርሰት ነው። አዲስ ማሽን የሠራ ልጅም የፈጠራ ባለሙያ ይባላል። የፈጠራ ወሬ ስንል ደግሞ ውሸት ማለታችን ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የቋንቋ ሞዴሎች በሦስቱም ይሞክራሉ፤ ሦስተኛው ላይ በተለይ ተክነውበታል።

ቀልዱን ትተን፣ ችግሩ በሁሉም ቋንቋ አለ። በመጀመሪያው ስብሰባችን ባልደረባዬ ሰሌዳው ላይ «ፈጠራ = አዲስነት + ጠቃሚነት» ብሎ ጻፈ። «አዲስ ለማን?» አልኩት። ለጸሐፊው? ለአንባቢው? በዓለም ላይ እስካሁን ለተጻፈው ሁሉ? ደግሞስ ግጥም ጠቃሚ ሲሆን ምን ዓይነት ነው? አንድ ሰዓት ሄደ። ያቺን ሰዓት ያባከንናት መስሎን ነበር። በኋላ ያሸነፈው ፕሮፖዛል ጥያቄ ግን ከዚያች ሰሌዳ ላይ የተወሰደ ነው።

የጋራ መነጋገሪያ ካጣችሁ ከፈጠራ ተመራማሪዋ ከማርጋሬት ቦደን ክፍፍል ጀምሩ። እሷ ፈጠራን በሦስት ትከፍለዋለች። የታወቁ ነገሮችን ባልተለመደ መንገድ ማጣመር አለ። በአንድ ሕግ ውስጥ ሆኖ እስከ ጫፉ መሄድ አለ። ሕጉን ራሱን መለወጥ አለ። እኛ ሁለተኛውን ብቻ መረጥን። ሦስቱንም እናጠናለን ያሉ ፕሮፖዛሎችን ገምግሜያለሁ፤ አንዱም ሲጨበጥ አላየሁም።

ከዚያ መለኪያው ይመጣል። እዚህ ጋ ጥያቄውና በጀቱ ይገናኛሉ። ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከጊልፎርድ ጊዜ ጀምሮ ሰዎች «ጡብ ለምን ለምን ያገለግላል?» ዓይነት ጥያቄ እየተሰጣቸው ሲፈተኑ ኖረዋል። ርካሽ ነው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት መሙላት ይችላል፣ ማረሙንም ኮምፒውተር ያግዛል። ሌላው የሥነ ልቦና ምሁሯ የቴሬዛ አማቢሌ መንገድ ነው፤ በ1982 ያወጣችው። ሥራውን በሙያው የተካኑ ዳኞች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመዝናሉ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማሙ ይታያል። ይሄ ለሥነ ጽሑፍና ለሥዕል ይበልጥ የታመነ ነው። ግን ዳኛ ይፈልጋል። ዳኛ ደግሞ ክፍያ ይፈልጋል።

ጥርት ያለ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኑ አኒል ዶሺና የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ኦሊቨር ሃውዘር በ2024 ሳይንስ አድቫንስስ ላይ ያወጡትን ጥናት አንብቡ። 300 ገደማ ሰዎች በጣም አጭር ታሪክ ጻፉ። ከፊሎቹ መነሻ ሐሳብ ከኤአይ መውሰድ ይችሉ ነበር። ታሪኮቹን ሌሎች 600 ሰዎች መዘኑ። በኤአይ ሐሳብ የታገዙት ታሪኮች የተሻለ ፈጠራ አላቸው ተባሉ፣ በተለይ በራሳቸው ብዙ ፈጠራ የማይታይባቸው ጸሐፊዎች ይበልጥ አተረፉ። ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ታሪኮቹ እርስ በርስ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። ግለሰቡ አገኘ፣ ክምችቱ ጠበበ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ጥያቄ፣ ለማንም ሊነገር የሚችል ውጤት።

አንድ ፈተና ላውሳችሁ። ዋና ተመራማሪዎቹ ሁሉ ሳይነጋገሩ የጥናቱን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ አንድ ላይ አንብቡት። አራት ሰው አራት ጥያቄ ይዞ ከመጣ ገንዘብ ለመጠየቅ ገና ናችሁ።

ባዶ ሺት ክፈቱ

ቴምፕሌቱን ዝጉት። ባዶ ሺት ክፈቱና በግራ በኩል የሰዎችን ድርሻ ደርድሩ። ዕቃ አይደለም፣ ሰው። ሞዴሉን የሚያስኬደው፣ ሙከራውን የሚመራው፣ የሚጽፈው ደራሲ፣ የሚመዝነው ዳኛ፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ ሪፖርት የሚያጠናቅረው። ከላይ ወሮቹን ጻፉ። ማን በየትኛው ወር እንደሚሠራ ሳጥኑን ቀለም ቀቡ። ብር የሚባል ነገር እስካሁን አልተነሳም። ሰውየው በየትኛውም ሳጥን ካልታየ ፕሮጀክቱ ውስጥ የለም፤ ስሙ ለጌጥ ከገባ አውጡት።

ዳኞቹን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። በመጀመሪያው ፕሮፖዛል 120 አጫጭር ጽሑፎች በ5 ዳኞች ይመዘናሉ ብለን ጽፈናል። ለዳኞቹ የመደብነው ዜሮ ነበር። «ባለሙያዎች ናቸው፣ ፈቃደኛ ይሆናሉ» አልን። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንዱን ጽሑፍ አንብቦ መዝኖ ነጥብ ለመሙላት 6 ደቂቃ ይበቃል እንበል። 120 ጽሑፍ 720 ደቂቃ ነው፣ ማለትም ለአንድ ዳኛ 12 ሰዓት። ለአምስቱ 60 ሰዓት። እኛ ያቀድነው ሦስት ዙር ስለሆነ 180 ሰዓት መጣ። ከአንድ ሰው የወር ሥራ በላይ ነው! ይህን ከአምስት ባለሙያዎች በነፃ ልንወስድ አስበን ነበር። ደግሞ የደከመ ዳኛ መቶኛውን ጽሑፍ እንደ አሥረኛው አያነበውም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የፍትሕ ብቻ ሳይሆን የመረጃ ጥራትም ነው። በሁለተኛው ፕሮፖዛል ይህን ስሌት እንዳለ በጀት ማብራሪያው ውስጥ አስገባሁት። ገምጋሚዎች ካመሰገኑት ነገር አንዱ ይኸው ተራ ማባዛት ሆነ።

ደራሲያንና ሠዓሊዎችን በምን መንገድ እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። በትርፍ ሰዓት ትቀጥሯቸዋላችሁ? የአገልግሎት ውል ትሰጧቸዋላችሁ? ወይስ እንደ ጥናት ተሳታፊ ካሳ ትከፍሏቸዋላችሁ? ምርጫው የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፣ አይደለም። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም በሆነው በሆራይዘን ዩሮፕ ዩኒቨርሲቲዎች ከቀጥተኛ ወጪው 25 በመቶ ለአስተዳደር ይጨመርላቸዋል። በንዑስ ኮንትራት (ሥራውን ለውጭ አካል በውል በመስጠት) የወጣ ገንዘብ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም። የፋይናንስ ቢሮው ንዑስ ኮንትራት ሲያይ ፊቱን ቢያጠቁር ምክንያቱ ይገባችኋል። እኔም አንድ ጊዜ «ለአርቲስቶቹ ሰርተፍኬት ብንሰጣቸውስ?» ተብያለሁ። ሰርተፍኬት አይበላም ብዬ መለስኩ። ከደራሲ ጋር ዓመት ሙሉ ልትሠሩ ከሆነ ተባባሪ ተመራማሪ አድርጋችሁ አስገቡት። ስሙም ክፍያውም እንደዚያው ይሁን።

ስለ ኮምፒውተር ብዙ አልልም። ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ያስወጣል፤ ሞዴል ከባዶ ካላሠለጠናችሁ በስተቀር። ትልቅ የኮምፒውተር አቅም ካስፈለጋችሁ ለብቻው ማመልከት ይቻላል። በአውሮፓ ዩሮኤችፒሲ፣ በአሜሪካ በጥር 2024 በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ናየር ለተመራማሪዎች ያቀርባሉ። ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ኩባንያዎች ሞዴሎቻቸውን ይለውጣሉ፣ አሮጌውን ከአገልግሎት ያወጣሉ። ስለዚህ የትኛውን ስሪት በየትኛው ቀን እንደተጠቀማችሁ፣ የሰጣችሁትን ትእዛዝና የመጣውን መልስ በሙሉ አስቀምጡ። ከጎኑም በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ክፍት ሞዴል አስኪዱ። የማስቀመጫና የድጋሚ ሙከራ ወጪ የሚሸከም መስመር ይኑራችሁ። ብዙ ፈንድ ሰጪዎች «መጠባበቂያ» የሚል ርዕስ አይቀበሉም፤ ሥራውን በስሙ ጥሩትና በጀቱን እዚያ ያዙለት።

አስተባባሪ ቅጠሩ። ግማሽ ቀን የሚሠራም ቢሆን። ያለበለዚያ አስተባባሪው እናንተ ናችሁ፣ ሌሊት።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ፤ ገንዘቡን እኩል መካፈል። ሃምሳ ሃምሳ ሰላም ያወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ሥራው ግን ሃምሳ ሃምሳ አይደለም። በእኛ ሁለተኛ በጀት የእኔ ዩኒቨርሲቲ 58 በመቶ ያዘ፤ ሙከራውና ዳኞቹ በእኛ በኩል ስለነበሩ። ባልደረባዬ ቀለም የተቀባውን ሺት አይቶ አንድም ቃል አልተከራከረም።

ገንዘቡ የት አለ?

ከቤት ጀምሩ። የሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ቢሮ ለመነሻ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ካለው ለየብቻ ጠይቁና አንድ ላይ አድርጉት። ለሦስት ወር ትንሽ ሙከራ ሥሩበት። አሥራ ሁለት ሰው ላይ የተሞከረ ነገር ይዞ መቅረብና «እናስባለን» ብሎ መቅረብ አንድ አይደለም።

ከትልልቆቹ ሆራይዘን ዩሮፕ አለ። ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቅ፣ ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተያዘለት ፕሮግራም ነው። ለጋራ ፕሮጀክት በአብዛኛው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ከፕሮግራሙ ጋር የተቆራኙ አገሮች ውስጥ ያሉ ሦስት ነፃ ተቋማት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የኅብረቱ አባል አገር ውስጥ መሆን አለበት። ከማስገቢያው ቀን እስከ ውል ፊርማ ስምንት ወር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ፖስት ዶክ እናደርጋታለን» ብላችሁ ያሰባችኋት ልጅ እስከዚያ ሌላ ሥራ ይዛለች።

የአውሮፓ ምርምር ካውንስል ሲነርጂ የተባለው ድጋፍ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ለሚሆኑ ዋና ተመራማሪዎች ነው። ለስድስት ዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ ይደርሳል። እዚህ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። አንዳችሁ ብትወጡ ጥናቱ ይቆማል ወይ? መልሱ «ይቀጥላል» ከሆነ አትድከሙ።

በአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሁለት በር አለ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ ለሌላው በንዑስ ስጦታ ያካፍላል፣ ወይም ሁለቱም አንድ ዓይነት ፕሮፖዛል በየራሳቸው በኩል ያስገባሉ። ሁለተኛው መንገድ ወረቀቱ ይበዛል እንጂ እያንዳንዱ ገንዘቡን በቀጥታ ስለሚቀበል በኋላ ያሳርፋል። በአውሮፓ ዊቭ የሚባለው አሠራርም ለዚህ ይጠቅማል። ፕሮፖዛሉን አንድ መሪ ተቋም ይገመግማል፣ ክፍያውን ግን የየአገሩ ፈንድ ሰጪ ለራሱ ተመራማሪ ይከፍላል። ሥነ ጥበብና ሰብዓዊ ዕውቀት ላይ ላተኮሩ፣ በብሪታንያ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ብሬድ ፕሮግራምና የሽሚት ሳይንስስ የኤአይና የሰብዓዊ ዕውቀት ድጋፍ መታየት አለባቸው።

የኩባንያ ገንዘብስ? ተቀበሉ፣ ውሉን ግን ሁለት ጊዜ አንብቡ። የክላውድ ክሬዲት፣ ማለትም ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት በነፃ የምትጠቀሙበት ድርሻ፣ ቢሰጧችሁ ጥሩ። «ከመታተሙ በፊት እኛ እናጽድቀው» የሚል አንቀጽ ካለ ግን እኔ እተወዋለሁ። ሞዴላቸው የሰውን ጽሑፍ እንደሚያመሳስል ብታገኙ ያንን ውጤት ማን ያወጣዋል?

የየትኛውንም ጥሪ ሰነድ ስታነቡ ግሦቹን አስምሩባቸው። «ይፈትሻል»፣ «ያዳብራል»፣ «ለሕዝብ ያቀርባል»። ጥሪው «ያዳብራል» ካለ መሣሪያ ይጠብቃል፤ እናንተ ትንታኔ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቤት ተሳስታችኋል። ከዚያ የፕሮግራሙን ኃላፊ በአንድ ገጽ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይመልሳሉ። «ይሄ ለእኛ አይሆንም» የሚል አጭር መልስ ሦስት ወር ያተርፍላችኋል።

ሎሚውን ማን ይገዛል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ ሎሚውን ማን እንደሚገዛና የተረፈውን ማን ይዞት እንደሚሄድ አይናገርም። ይህን ፕሮፖዛሉ ሳይገባ ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ካሸነፋችሁ በኋላ ሙሉውን የኮንሶርቲየም (የአጋር ተቋማቱን) ስምምነት ታዘጋጃላችሁ፤ በሆራይዘን ፕሮጀክቶች ብዙዎች ዴስካ የተባለውን የናሙና ውል ይጠቀማሉ። ደህና መነሻ ነው።

በአንድ ገጿ ላይ ምን ይግባ? ደራሲነት ይግባ። ክሬዲት የሚባለው ዝርዝር የተመራማሪን አስተዋጽኦ በ14 ሚና ይከፍላል፤ በዚያ ብትጠቀሙ «ስሜ ለምን ሦስተኛ ሆነ» የሚባለው ነገር ይቀንሳል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ይግባ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ማለት ሁለት ኮሚቴ ነው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያይ ወስኑ። ክፍያም ይግባ። በአንዱ ፕሮጀክታችን የአንዱ ተቋም ድርሻ አምስት ወር ሳይለቀቅ ቆየ። የተጎዱት እኛ ደመወዝተኞቹ አልነበርንም፤ ዳኞቹ ናቸው። አሁን «የደራሲያንና የዳኞች ክፍያ ከመሪው ተቋም በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸማል» የሚል አንቀጽ ሳላስገባ አልፈርምም።

የቅጂ መብቱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 ማሽን ብቻውን ደራሲ ሊባል እንደማይችል ወስኗል። ሰውና ማሽን አብረው የሠሩትስ? እሱ በየሥራው የሚታይ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ምን እንደጨመረ በሙከራው መመዝገብ አለበት። በአውሮፓ የ2019ኙ የቅጂ መብት መመሪያ የምርምር ተቋማት በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን ጽሑፍ ለጥናት በኮምፒውተር እንዲያስሱ ይፈቅዳል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ደራሲው ተስማማ ማለት አይደለም።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ገጣሚ ናት። የስምምነት ቅጹን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ግጥሜ ከጥናቱ በኋላ ሞዴል ማሠልጠኛ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» አለችኝ። ቅጹ ላይ ስለዚህ አንድም መስመር የለም። ባልደረባዬን አየሁት፣ እሱም አየኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሌሎቹ ፈርመው ነበር፤ ግን ያለ ጥያቄ የፈረሙት ሳያነቡት እንደሆነ ገባኝ። ቅጹን ቀየርን። አሁን «ለሥልጠና አይውልም»፣ «ለዚህ ጥናት ብቻ»፣ «ለሌላም ይዋል» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉት።

ስትጽፉ

ኤአይ ላይ የምታጠኑ ሰዎች ፕሮፖዛሉን በኤአይ ብታስጽፉስ? ደንቡን እዩ። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ገምጋሚዎች በ2023 ኤአይ እንዳይጠቀሙ ከለከለ። በ2025 ደግሞ በአብዛኛው በኤአይ የተዘጋጀ ማመልከቻ እንደማይቀበል አስታወቀ፤ አንድ ዋና ተመራማሪም በዓመት ከስድስት በላይ እንዳያስገባ ወሰነ። ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ አመልካቾች ከተጠቀሙ እንዲገልጹ ያበረታታል።

ከደንቡ ባሻገር ሌላ ችግር አለ። አንድ ቅዳሜ የባልደረባዬ ክፍል ደረሰኝ። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ለስላሳ፣ ሁሉ እኩል፣ ሁሉ የማንም። «ኤአይው ላሳምርልህ ብሎህ ነው አይደል?» አልኩት። ሳቀ። ኤአይ የሰውን ጽሑፍ ያመሳስላል ወይ ብለን የምንጠይቅበት ፕሮፖዛል እኮ ነው! ያችን ገጽ ጥለን እሱ በስልክ ያስረዳኝን እንዳለ ጻፍኩት። አሁንም ከምወዳቸው አንቀጾች አንዱ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ራሳችሁ ጻፉ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሚገመግሟችሁ ሰዎች ድብልቅ መሆናቸውን አትርሱ። የኮምፒውተር ሰው ማነጻጸሪያውን ይፈልጋል። ያለ ኤአይ የሚጽፈው ቡድን የታለ? ስንት ሰው? መላምቱ አስቀድሞ ተመዝግቧል? የሥነ ጥበብ ሰው ደግሞ እነዚህ ደራሲያን እነማን ናቸው፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚሠሩት፣ ከጥናቱ ምን ይዘው ይሄዳሉ ይላል። ሁለቱም መልሳቸውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ካላገኙ ሦስተኛው ገጽ ላይ ልባቸው ሸፍቷል።

ማስገቢያው ቀን ላይ ደግሞ አትድረሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የፋይናንስ ቢሮዎች ሁለት ናቸው፣ ፈራሚዎችም ሁለት፣ ከሁለቱ አንዱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ሁልጊዜ።

ከተሰጣችሁ በኋላ

እንኳን ደስ አላችሁ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያው ቅጥር፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የውል ፊርማ። በሆራይዘን ፕሮጀክቶች የመረጃ አያያዝ ዕቅድ በስድስተኛው ወር ይጠበቃል። በመጀመሪያው ወር በአካል ተገናኙ፤ ቪዲዮው ይቆያል።

የእኛ ጥናት በ14ኛው ወር ላይ ተደናቀፈ። ስንጠቀምበት የነበረው ሞዴል ከአገልግሎት እንደሚወጣ የሚገልጽ ኢሜይል መጣ። ሁለት ዙር ጨርሰናል፣ ሦስተኛው ቀርቷል። ለፕሮግራሙ ኃላፊ በሁለት አንቀጽ ጻፍን፦ ምን እንደተፈጠረ፣ የትኛው መረጃ እንደተረፈ፣ ምን እንደምንለውጥ። የተቀመጠው ትእዛዝና መልስ ሁሉ ስለነበር ያለፉት ሁለት ዙሮች ዳኑ። ደራሲያኑን ግን በአዲሱ ሞዴል እንደገና ማስጻፍ ነበረብን። ዳኞቹንም እንደገና መክፈል።

ሺቱን ከፈትኩ። ከታች አካባቢ «ድጋሚ ዙር፣ ደራሲያንና ዳኞች» የሚል መስመር አለ። ባልደረባዬ ነው የጻፈው። ያኔ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብዬ ልሰርዘው ስል «ተይው፣ ቴምፕሌቱ ላይ የለም» ብሎኝ ነበር።